ያልተነሳው የእርቅ ፎቶ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ስንቱን ኃጢአቴን ዘርዝሬላቸው እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፈዋለሁ። ለሚስቴም አልነገርኳት። ብትሰማ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፤ እኔ የምፈራው ዝምታዋን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ ሆዴ ግን ሊፈጀው አልቻለም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም ቁጭ በልና ስማኝ። እኔ በንጉሡ ዘመን፣ በባሌ ምድር፣ አንዲት እናት ያላሉትን ብለዋል ብዬ ልጆቻቸውን ያታለልኩ ሰው ነኝ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ያን ቀን ባስታወስኩት ቁጥር ደስ የሚለኝ መሆኑ ነው። የሚያስደስት ኃጢአት እንዴት ተብሎ ይናዘዙታል?

ያን ጊዜ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔም ጎባ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ካሜራ ያለው ሌላም ሰው ነበር፤ ፍላሽ ያለው ግን እኔ ነበርኩ። ይህንንም ሰው እንዲረሳው ፈቅጄ አላውቅም። ፍላሹ ከካሜራው ተለይቶ በእጅ የሚያዝ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጭን ጥቁር ገመድ ብቻ ነው። ካሜራውን ስትጫነው ትእዛዙ በገመዱ ያልፍና ፍላሹ በዚያችው ቅጽበት ይበራል። ገመዱ ከተበጠሰ ካሜራውም ለብቻው፣ ፍላሹም ለብቻው ነው።

የአገሬው ሰው ግን ፎቶ የሚያነሳው መብራቱ ይመስለው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ያለ ፍላሽ ባነሳ "መብራቱስ?" ይሉኛል። "ፀሐይ እያለ ምን ያደርጋል?" ብል ፊታቸው ይጠቁራል፤ አጭበርባሪ ነው ብለው ያሙኛል። ስለዚህ በቀትርም ቢሆን ቦግ አደርግላቸው ነበር። ቦግ ካለ ፎቶው ተነስቷል፣ ካላለ አልተነሳም። ይህን እምነታቸውን እኔ አሳምሬ አውቀው ነበር፤ የተጫወትኩባቸውም በዚሁ ነው።

ሮቤ አጠገብ ኦቦ ደበሌና ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። የተጣሉት በፈረስ ነው። ታናሹ ቱፋ የታላቁን ፈረስ ለሠርግ ተውሶ ወንዝ ሲያሻግር ፈረሱ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሞተ። ደበሌ "ፈረሴን ገደልክብኝ" አለ። ቱፋ "ከወንድምህ ፈረስህ በለጠብህ" አለ። በቃ፣ እንደዚያ ተኳርፈው ዓመታት አለፉ። ለቅሶ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር። እናታቸው አዴ ሸጊቱ ይህን ማየት ሲመራቸው "እናንተ ሳትታረቁ የማናችሁንም እሳት አልሞቅም" ብለው ከሳነቴ ተራራ ማዶ፣ ሃረና ጫካ ውስጥ፣ አንገቱ በምትባል መንደር ወዳለች ሴት ልጃቸው ሄዱ።

በኋላ ኦቦ ጂሎ የሚባሉ ሽማግሌ ብዙ ደክመው ሁለቱን ለእርቅ እሺ አሰኟቸው። ለእናትየው መልእክት ተላከ። መልሳቸው በአንድ ቡና ነጋዴ አፍ መጣ፤ "ታረቁ እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተታለልኩ! አሁን ወሬ አልፈልግም። ተቃቅፈው ፎቶ ይነሱና ላኩልኝ። ፊታቸውን ልየው፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ።" ኦቦ ጂሎም ጎባ ድረስ መጥተው ጠሩኝ። እንግዲህ የአንዲት አሮጊት ወደ ቤታቸው መመለስ በእኔ እጅ ወደቀ።

በቀጠሮው ቀን በተከራየሁት ፈረስ ወጣሁ። ዕቃውን ቦርሳ ውስጥ ብከተው ማን ያየኛል? ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ፍላሹን እንደ ጦር ከፍ አድርጌ ይዤ ጋለብኩ። እኔና ጉራዬ! መንገድ ላይ ገመዱ ከኮርቻው ጫፍ ጋር ተጠላልፎ ኖሮ ፈረሱ ሲደነብር ተወጠረና ላላ። ወርጄ ሞከርኩት። ካሜራው ቀጭ ይላል፣ ፍላሹ ዝም። ገመዱ ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን መሰኪያው አንገት ላይ ተበጥሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

እዚያው ላይ መመለስ እችል ነበር። ደርሼም "ገመዴ ተበጠሰ፣ ሌላ ቀን ይሁን" ማለት እችል ነበር። ማን ይገድለኛል? ግን እኔ፣ ባለፍላሹ እኔ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተበላሸብኝ ልበል? አላልኩም።

ጉሙና ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ወደ ኦቦ ጂሎ ቤት አስገብቶት ነበር። ቤቱ ጨለማ ነው። ወንድማማቾቹ እርጥብ ሳር ይዘው ቆሙ። "በሉ ተቃቀፉ" ሲሏቸው ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አንዱ ወደ በሩ አንዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተያያዙ። ፍላሹ ላይ ለመሞከሪያ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ አለች። በቀኝ ጣቴ ካሜራውን፣ በግራ አውራ ጣቴ እሷን፣ እኩል ልጫናቸው ብዬ ተጫንኩ። ካሜራው ቀድሞ ተከፍቶ ተዘጋ፣ መብራቱ ከኋላው ተከተለ። ጆሮዬ ለይቶ ሰምቶታል። ቤቱ ግን ቦግ ብሎ ነበርና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

"ተነሳ?" አሉኝ ኦቦ ጂሎ።

"እንዴታ! ያውም ያማረ!"

"ገለቶሚ፣ ኢልማኮ፤ አመሰግናለሁ ልጄ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ምስጋናቸውን ተቀበልኩ። ጠላቸውንም ጠጣሁ።

ጎባ ተመልሼ ፊልሙን ሳጥበው ነጋቲቩ እንደ ጠራ ውሃ ባዶ ነው። በኋላ እንደተማርኩት፣ ካሜራውን ክፍት አድርጎ ይዞ ፍላሹን በእጅ ማብራት ይቻል ኖሯል፤ የዚያን ጊዜ ዕውቀቴ ከጉራዬ ያንስ ነበር። ቡና ነጋዴው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ "ገና አልደረቀም" ብዬ ባዶ እጁን ሰደድኩት። እኚያ እናት ጫካ ውስጥ መንገድ መንገድ እያዩ መሆኑን እያወቅኩ ሰደድኩት።

አዲስ ገመድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መች ይደርሳል? ራሴ ልጠግነው ተነሳሁ። ገመዱን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ከመሰኪያው መካከል፣ ሌላው ከዙሪያው ይያያዛል፤ እርስ በርሳቸው ከተነካኩ ፍላሹ ሳይታዘዝ ይበራል። ከተበላሸ ሬዲዮ ማዳመጫ ላይ ጸጉር የመሰለ ሽቦ አወጣሁ። ምስማር ከሰል ላይ አግዬ፣ ከዚያው ሬዲዮ የፋቅኩትን የብየዳ እርሳስ አቅልጬ በየድኩት። አልያዘም። ደገምኩት። ያዘ፤ ግን ሽቦዎቹ ተነካኩና ፍላሹ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። የቤቱ ባለቤት እትዬ አሰለፈች ከጓዳ እየጮሁ ወጡ።

"መብረቅ ቤቴ ገባ! ምን እየሠራህ ነው አንተ?"

"ገመድ ነው እትዬ።"

"ገመድ እንዲህ ይበራል? በል ውጣና ሜዳ ላይ ሥራ!"

ውጪ ወጣሁ። እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻው በክር ጠቀለልኩት፣ በላዩ የሃረና ማር ሰም አቅልጬ አፈሰስኩበት፣ ሲረጋ በጣቴ ዳበስኩት። ከዚያ ሰካሁና ተጫንኩ። ቀጭና ቦግ አንድ ላይ! ደገምኩ፤ አንድ ላይ! ጠመዘዝኩት፣ ጎተትኩት፣ ተጫንኩ፤ አንድ ላይ! ብቻዬን ግቢው ውስጥ ዘለልኩ። እትዬ አሰለፈች በመስኮት አይተው አማተቡ። እውነቴን ነው የምነግርህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ገመዱ ተጠገነ። ውሸቴስ በምን ይጠገናል? እውነቱን ብናገር በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እኔ ግን በሌላ ውሸት በየድኩት። መልእክት አንገቱ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ያህል ጠብቄ፣ ቡና ነጋዴው በሌለበት፣ ወደ ሮቤ ወረድኩና ወንድማማቾቹን በኦቦ ጂሎ ቤት ሰበሰብኳቸው።

"አዴ ሸጊቱ ፎቶውን መለሱት" አልኩ። "'ልጆቼ እንዲህ አይተቃቀፉም፤ እነዚህ ጆንያ ነው ያነሱት። ፊታቸውን ወዴት ነው ያዞሩት? ዛሬም እኔን ሊያታልሉ?' ብለዋል።"

እሳቸው ምንም አላሉም። ምንም አላዩም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ደበሌ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። "አዮ፣ እናታችን፣ እንዲህ አለች?"

"እንዲህ አሉ።"

"እውነቷን ነው" አለ ቱፋ። "ያን ቀን ልቤ አልነበረም።"

ደበሌ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። "ቱፋ፣ ያ ፈረስ አስቀድሞም ያነክስ ነበር። እያወቅኩ ነው ያዋስኩህ። ከሞተ በኋላ ይህን ለመናገር አፈርኩ።"

ቱፋ ሄዶ አቀፈው። ፊት ለፊት፣ ጉንጭ ለጉንጭ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቁ ተያያዙ። ኦቦ ጂሎ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ካሜራውን አነሳሁና ተጫንኩ። ቀጭና ቦግ አንድ ላይ! ገመዴ አላሳፈረኝም።

ግን እይልኝ፤ ደበሌ ያን ሁሉ ዓመት የደበቀውን በሽማግሌ ፊት አወጣ። እኔ ከፊቱ ቆሜ የራሴን አላወጣሁም። ከዚያ የተሻለ ጊዜ መቼ ላገኝ ነበር? ካሜራዬን አቀባብዬ ሌላ ፎቶ አነሳሁ።

ፎቶው አንገቱ ሄደ፤ አዴ ሸጊቱ በበቅሎ መጡ። ሳነቴን ተሻግረው፣ ብርድ አቆራምዷቸው፣ ፎቶውን በመቀነታቸው ቋጥረው መጡ። ልጆቻቸው ሁለቱም ከበቅሎ ሊያወርዷቸው ተሻሙ። እልልታ፣ ዘፈን፣ ፈረስ ግልቢያ! ያን ቀን ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ወጥቷል፤ አንድም አልከሸፈብኝም። በደስታው መካከል ግን ቱፋ "አዮ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ባትመልሺው ኖሮ እኛ እኮ አልታረቅንም ነበር። 'ጆንያ ነው ያነሱት' ያልሽው አንጀታችንን በላው" አላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በቃ ጠራ አልኩ። አዴ ሸጊቱ ልጃቸውን አዩ፣ ዞረው እኔን አዩ፣ ካሜራዬን አዩ። "ታዲያ ምን ልል ኖሯል?" አሉ። "ጆንያ ስታነሱ ዝም ልላችሁ ነው?"

ልሄድ ስል የፈረሴን ልጓም ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ኢልማኮ፣ ያን የመለስኩትን ፎቶ አንድ ቀን ታሳየኛለህ" አሉኝና ሳቁ። "እሺ እማማ" አልኩ። አላሳየኋቸውም። ልጆቻቸው ቤት እየኖሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ልባቸው ሲመላለሱ ብዙ ዓመት አየኋቸው፤ ባየኋቸው ቁጥር ሌላ ወሬ እያነሳሁ አመለጥኳቸው። አሁን የሉም።

ገመዱ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ሰሙ ጠቁሯል እንጂ ይሠራል። በእሱ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አሳምሬ ነው የጠገንኩት። መጨረሻው አማረ ብዬ ግን በደሌን አላሳንስም። ሽማግሌን ዋሸሁ፣ አንዲት እናትን በከንቱ አስጠበቅኩ፣ ስማቸውን ለውሸቴ ተጠቀምኩበት። ያን ባዶ ነጋቲቭ አልጣልኩትም። አሁን አውጥቼ ወደ መስኮቱ አንስቼዋለሁ፤ በእሱ ውስጥ ሰማዩና የጎረቤቴ ቆርቆሮ ቤት ወለል ብለው ይታዩኛል።

አዴ ሸጊቱ፣ የመለሱት ፎቶ ይኸው። ምንም የለበትም። ይቅር ይበሉኝ።