መርዶ ይዤ ጥድ ደን ውስጥ ያደርኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አርችዌይ፣ ለንደን

ከድር መኪናውን በራችን ላይ ሲያቆም ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። መንገዱ ላይ ወተት አመላላሹና እኛ ብቻ ነን። ጥቁር ኮቴን በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተትኩ። ልጄ ከሩቅ አይታኝ እንዳትጠረጥር ብዬ ሰማያዊ ሹራብ ለብሻለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ሐሙስ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ስመለከት ከዊልስደንና ከኤድመንተን የመጡ ሰዎች ደረጃውን ሞልተው ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ ዕለት አርፋለች። እቴቴ ነው የምላት። ልጄ እመቤትም ከእኔ ሰምታ እቴቴ ትላታለች። የእመቤት እናት በወሊድ ስትሞት፣ እኔም በሱዳን በኩል አገር ጥዬ ስወጣ፣ ልጅቷን ያሳደገች እቴቴ ናት። እመቤት እኔ ዘንድ የመጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል።

ሐሙስ ዕለት እመቤት ለንደን አልነበረችም። ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ወደ ደቡብ፣ ከባሕሩ ብዙም ወደማይርቅ የጥድ ደን ሄዳለች። ደን ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደሩን ካምፒንግ ይሉታል። አስተማሪያቸው ሚስ ካሮል በአቅራቢያው ያለ የአንድ ገበሬ ቤት ስልክ ሰጥታን ስለነበር ማታውን አገኘኋት። “እኔ ልንገራት? ወይስ እዚህ ላምጣትና ራስዎ ያነጋግሯት?” አለችኝ በደግነት። እምቢ አልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። በንጋት፣ ከአንድ በላይ ሰው ሆኖ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ አደራ አልኳት። ዓርብ የከድር መኪና ጋራዥ ዋለች፤ ቅዳሜ ወጣን።

ከድር ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ዛሬ ሚኒካብ የሚሉትን የኪራይ ታክሲ ይነዳል። ሐሙስ ደረጃው ላይ ከቆሙት አንዱ እሱ ነበር።

“ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል?” አለኝ ገና ሳንነቃነቅ።

“አልራበኝም።”

“መኪናዬ ውስጥ ቢወድቁብኝ ኢንሹራንሴ ሐዘንተኛ አይሸፍንም” አለና ከበሩ ኪስ ሙዝ አውጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

መንገድ ላይ

ኖርዝ ሰርኩላር የሚሉት የከተማው ዙሪያ መንገድ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ዊልስደንን በግራ ትተን፣ የቴምስን ወንዝ ተሻግረን፣ ኤም ትሪ የሚሉት ሰፊ መንገድ ላይ ወጣን። ሜዳው አረንጓዴ፣ በጎቹ የታጠቡ ይመስላሉ። ከድር የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርግና ትዝ ሲለው ይዘጋዋል። መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ሻይ ጠጣን። ሻይ ለሁለት፣ ደረቅ ኬክ ለአንድ፤ በዚያ ዋጋ አርችዌይ ላይ ምሳ ይበላል።

ይህን ካምፒንግ የሚሉትን ነገር ከጅምሩም አልወደድኩትም ነበር። እኔ ጫካ ያደርኩት ነፍሴን ላድን ነው። ድንጋይ ተንተርሼ፣ የጅብ ድምፅ እየሰማሁ ድንበር የተሻገርኩት ልጄ ከጣሪያ ሥር እንድትተኛ ነው። ጣሪያ ያለው ሰው ለምን ወጥቶ መሬት ላይ ይተኛል? ይህን ለእመቤት ነግሬያታለሁ። ፈቃዱን የፈረምኩላት ፊቷን ሳላይ ነው። ስትሄድም “ስመለስ ፎቶ አሳይዎታለሁ” አለችኝ፤ አልመለስኩላትም።

“ምን ብለው ነው የሚጀምሩት?” አለኝ ከድር።

“ታማ ነበር ብዬ።”

“እኔ ስንቱን ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ። ሁሉም ታማ ነበር ነው የሚለው። ሰሚው ግን ከዚያ ወዲያ አይሰማም።”

ቅዳሜ ረፋድ፣ ደኑ

ቁርስ ሰዓት ላይ እንደርሳለን ያልነው ረፈደብን። ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ከድር ሦስት ጊዜ ወደዚያው የእንጨት በር መልሶ አመጣኝ። ዛፉ ጥድ ይባል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንደምናውቀው ጥድ አይደለም። ግንዱ ቀጥ ያለና ቀላ ያለ፣ ቅርንጫፉ ከላይ ብቻ፣ ቅጠሉ መርፌ ነው። የረገፈው መርፌ መሬቱን እንደ ፍራሽ ስለሸፈነው የራሴን የእግር ኮቴ እንኳ አልሰማም። ሙጫው ይሸታል።

ልጆቹ የሰፈሩበት ቦታ ሰፈር አይመስልም። አጥር የለው፣ ቧንቧ የለው፣ መጸዳጃ ቤት የለው። ሚስ ካሮል ደንቡን ነገረችን። እያንዳንዱ ድንኳኑን የሚተክለው ሌላው በማያየው ቦታ ነው። ውኃውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ጉድጓዱን በትንሽ አካፋ ቆፍሮ መልሶ ይደፍናል፣ እሳት አያነድም፣ ሲሄድም ሰው ያደረበት እንዳይመስል አስተካክሎ ይሄዳል። እኔ ይህን ሁሉ በስደት፣ ያለ አስተማሪ፣ ተምሬዋለሁ።

“እመቤትስ?” አልኳት።

የሴትዮዋ ዓይን ቀላ። ልጆቹ ካርታ ይዘው በማለዳ ለእግር ጉዞ ወጥተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሱት። “እሷን ብቻ ማስቀረት አልቻልኩም። ለምን ብትለኝ ምን እላታለሁ? አትናገሪ ብለውኛል” አለችኝ። እውነቷን ነው። ማለዳው በእኔ ትእዛዝ አመለጠን።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያው

ከግንዶቹ መሃል ስትወጣ መጀመሪያ ያወቅኳት በአካሄዷ ነው። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጫማዋ ጭቃ ነው። ቆም አለች። ከዚያ የተሸከመችውን ቦርሳ ጥላ ሮጠች።

“አባባ! መጡ? ሲሪየስሊ፣ መጡ?”

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም።

“ካላየኋት እሞታለሁ ብለውኝ እኮ ነው” አለ ከድር፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

“ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ነዎት ያሳመኗቸው? ቴንት አይወዱም እኮ! የበረሃ ሽፍታ ነሽ ብለውኛል።”

እሷ ውኃ ልታመጣ ስትሄድ ከድር እጅጌዬን ያዘኝ። “ጋሼ፣ አሁኑኑ ይንገሯት።”

“ደክሟታል፤ እህል አልቀመሰችም። ደግሞ እየመሸ ነው። ለመሸበት ሰው መርዶ አይነገርም።”

“እኔ ይህን ሳቅ ፊት ለፊት ማየት አልችልም።”

“ቻል። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንነግራታለን። በአግባቡ።”

ከድር የቅዳሜ ሥራውን ትቶ ነው የመጣው፤ ስለዚያ አንድ ቃል አልተናገረም። ጫማውን አውልቆ ከአንድ ግንድ አጠገብ ለሶላት ቆመ።

ቅዳሜ አመሻሽ

ትርፍ ድንኳን ነበራቸው። እመቤት ተከለችልኝ። ካስማውን እንዴት አዘንብሎ መምታት እንዳለብኝ፣ መሬቱ እንዳይጎረብጠኝ እንዴት በመዳፌ መዳሰስ እንዳለብኝ አሳየችኝ። ልጄ ስታስተምረኝ ዝም ብዬ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጇ የለመደ ነበር። በትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ምስር ቀቅላ፣ ከለንደን በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችውን በርበሬ ነሰነሰችበት። በላሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በጉሮሮዬ አልወርድ ያለው እህል ከእጇ ወረደ።

ከዚያ ስለ ነሐሴ አነሳች። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ የሠራችው ለዚህ ነው።

“እቴቴን ቴንት ውስጥ ላስተኛት ነው” አለች። “ግቢው ውስጥ፣ ኮባው ሥር። ጋሽ ከድር፣ ምን እንደምትል ላሳይዎት?” ተነሥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ አገጯን አወጣች። “‘አንቺ ልጅ! ቤት አጥተን ነው? ጅብ እግሬን ቢጎትተኝ ለአባትሽ ምን ልትዪው ነው?’”

ቁርጥ እቴቴን መሰለች። ያ የድምፅ መሰንጠቅ፣ ያ ቁጣ ያልሆነ ቁጣ። ከድር ወደ ዛፎቹ ዞረ። ሚስ ካሮል ኩባያዋን አስቀምጣ ሄደች። እኔ ሳቅኩ። ለማስመሰል ብቻ አልነበረም፤ እህቴን በሕይወት ያየኋት መሰለኝና ከልቤ ሳቅኩ። እመቤትም እኔን ስላሳቀችኝ ደስ አላትና ደገመችው።

እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ

ጥቁር ኮቴን ለበስኩ። ከድር መኪና ውስጥ አድሮ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ መጣ። ሳንጠራት ሚስ ካሮል ተከተለችን። ሦስት ሆንን። ጭጋጉ ከግንዶቹ ግርጌ አልተነሣም ነበር።

እመቤት ድንኳኗን ከፍታ ወጣች። ኮቴን አየች።

“ቁጭ በይ” አልኳት። “እቴቴ ታማ ነበር።”

“ሞተች?”

“አዎ። ረቡዕ።”

ወደ ከድር አየች፤ ወደ አስተማሪዋ አየች፤ ወደ እኔ ተመለሰች። “ትናንት ታውቅ ነበር?”

አንተ ብላኝ አታውቅም።

“ሐሙስ ነው የሰማሁት።”

“እንደ እሷ ሳወራ ታውቅ ነበር። ሳቅህ! ሳቅህ እኮ!”

“በልተሽ፣ ተኝተሽ፣ በንጋት እንድትሰሚ ብዬ ነው። ወጉ…”

“ሐሙስ ማታ እዚህ ስንዘፍን ነበር። ዓርብ ባሕር ሄደን ዋኘሁ። እሷ ሞታ እኔ እየዋኘሁ ነበር፣ አንተ ደግሞ ታውቅ ነበር። ስልክ ነበረ። ያን ማታ ሚስ ካሮል ገበሬው ቤት ስልክ ልታነሣ ሄዳ ነበር!”

በዕድሜዬ ሰው ሲሳሳት መክሬያለሁ፣ ገሥጬአለሁ፤ አሁን ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ።

“ተዉኝ። እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ ተዉኝ።” ገብታ የድንኳኗን ዚፕ ሳበችው።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ሰው ይከበዋል፤ ይደግፈዋል፤ አፉ ላይ ውኃ ያደርግለታል። እኔ ግን ልጄ ከጨርቅ ወዲያ ስታለቅስ እየሰማሁ፣ እሷ የማታየኝ ቦታ ፈልጌ ከአንድ ጥድ ጀርባ ተቀመጥኩ። እዚያ እኔም አለቀስኩ። ሐሙስ ሰዎቹ ፊት እንባዬን ይዤ ነበር፤ ለልጄ መርዶ ሳልነግር ማልቀስ አይገባኝም ብዬ። አሁን መያዝ አልቻልኩም። ድምፄ ከእሷ ድምፅ ጋር ገጠመ። ሰምታኝ ይሆን? ዝም አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ እኔም ቀጠልኩ።

ፀሐይ የዛፎቹን ጫፍ ስትነካ እመቤት ወጣች። ድንኳኗን ነቀለች፤ የእኔንም ነቀለች። ተንበርክካ የተተኛበትን መርፌ ቅጠል በመዳፏ ነሰነሰችው፤ የካስማውን ቀዳዳ ደፈነች። ላግዛት ተንበረከክኩ። አላባረረችኝም።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ከኋላ ተቀምጣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ከድር ሬዲዮኑን አልነካም።

“ጋሽ ከድር” አለች በመጨረሻ።

“አቤት የኔ እናት።”

“አባባ አንድ ነገር ቢሆኑ ይደውሉልኝ። የትም ብሆን። ሌሊትም ቢሆን።”

“ያ አላህ! ምን ዓይነት ወሬ ነው ይሄ? አባትሽ እዚህ ተቀምጠው!”

“ይማሉልኝ።”

ከድር አየኝ። እኔ መንገዱን አየሁ። ወላሂ እደውላለሁ ከማለቱ በፊት እስኪፈቀድለት ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ ደግሞ ሲያየኝ ነው።

“ማልላት” አልኩት።

ማለላት።

እሑድ ከሰዓት፣ አርችዌይ

ደረጃው ላይ ጫማ ተደርድሯል። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል፤ ወንበር ከጎረቤት ተለቅሞ መጥቷል። የዊልስደኗ እማማ አስካለ፣ ሐሙስ ዕለት እኔን ካረዱኝ ሰዎች ታላቋ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደፍ ላይ ጠበቁን። የልጅቱን ፊት አዩና ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፦

“በአግባቡ ነገርካት፣ ልጄ?”

“ነግሬያታለሁ።”

“ጎሕ ሲቀድ?”

“ጎሕ ሲቀድ፣ እማማ። ግን ዘግይቼ ነው።”

ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩኝ። ጎሕ ሲቀድ ከሆነ ምኑ ነው የዘገየው ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። እመቤት ከኋላዬ ቆማለች። የጭቃ ጫማዋን አውልቃ ከሌሎቹ ጫማዎች ጎን አስቀመጠች፤ አጠገቤ መጥታ ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች። ወደ ለቅሶው አብረን ገባን።