ዝናቡን ማን ጨመረባት?

ቤዝቦል አላውቅም፤ ሹፌር ስለሆንኩ ግን አወራለሁ። ፕሌይኦፍ የሚሉት የዋንጫው ማጣሪያ ሲደርስ የተሳፋሪው ሁሉ ወሬ እሱ ነው፤ ዝም ካልክ በስልኩ ከሚሰጥህ ኮከብ ይቀንስብሃል። ስለዚህ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ከአበሻ ሹፌሮች የሰማኋትን አንዲት ታሪክ ይዣለሁ። በመጨረሻው ኢኒንግ፣ ማለትም በጨዋታው የመጨረሻ ዙር፣ የመቺው ዱላ ለሁለት ይሰበራል፤ ኳሷ ግን ከስታዲየም ትወጣለች። እኔ ደግሞ እንድትጥም ብዬ ዶፍ ዝናብ ጨመርኩባት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሎውሪ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። በኮፍያና በስካርፍ ተሸፋፍነው ከዓይናቸው በቀር ምንም አይታይም። ሬዲዮው ስለ ፕሌይኦፍ ሲያወራ እኔም በእንግሊዝኛዬ ጀመርኩ፤ ዱላውን ሰበርኩ፣ ዝናቡን አወረድኩ፣ ድምፄ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ኦሮራ ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ስካርፋቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ልጄ፣ ዝናቡን ማን ጨመረባት?» አሉኝ።

«እንዴ! አባቴ፣ ጨዋታውን አይተውታል?»

«የምን ጨዋታ? እኔም እንዳንተ ሹፌር ነበርኩ፤ ተሳፋሪ በወሬ ሲያስጨንቀኝ ከራሴ የፈጠርኳት ናት። ስፈጥራት ግን ዝናብ አልነበራትም» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። በዚያው ሳምንት ከሌክውድ የጫንኩት ፈረንጅ ይህችኑ ታሪክ ስነግረው እንባ አቅርሮ፣ «ስታዲየም ነበርኩ እኮ! ቤቴ የገባሁት በስብሼ ነው» ብሎኝ ነበር።