የእናቴ ልጅ ብረት ይዞ የመጣ ቀን

ታላቅ ወንድሜ ሚስቱን እንደሚመታ ካወቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መካኒሳ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር የሚለየን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሲመታት እሰማለሁ። ዝም እላለሁ። እሑድ ጠዋት ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ በሩ ላይ እጇን ጨብጬ «እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ» እላታለሁ። እጅጌዋ ሥር የበለዘውን ሥጋ እያየሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፉሪ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ቤት የጸሎት ኅብረት ነበረን። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ቅዳሜ ገና መዝሙር እንደጀመርን የወንድሜ ሚስት በባዶ እግሯ ገባች። ባለባጃጅ ነው በር ድረስ ያደረሳት። የላይኛው ከንፈሯ ተተርትሯል፤ ጉትቻዋ ተቦጭቆ ጆሮዋ ተሰንጥቋል፤ ቀሚሷ ደም በደም ሆኗል።

እትዬ አልጮሁም። አስቀምጠዋት ንጹሕ ፎጣ ከንፈሯ ላይ ያዙና «ማነው?» አሏት።

እሷ ወደ እኔ አየች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ቤት ሄደን እንነጋገርበታለን።»

«እኛስ ምንድን ነን? አንተ እህቴ ስትላት አልነበረም? ለአፍህ ያህል ነው እንዴ ልጄ?»

ወዲያው የግቢው ቆርቆሮ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ወንድሜ ነው። ክንድ የሚያክል ፌሮ ይዟል።

«ሚስቴን አምጡ!»

እትዬ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። «ብረቱን ጣልና ግባ፣ ልጄ» አሉት። እሱ አልጣለም። ሰነዘረ፤ እሳቸው ፊታቸውን ሊከልሉ እጃቸውን አነሱ። ፌሮው ክንዳቸው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ያስፈራኛል። በርጩማ አንስቼ ፊቱን መታሁት። ሁለት ጥርሱ ከነደሙ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እሱም በፌሮው ጎኔን ሁለቴ መታኝ፤ አልተሰማኝም። ጥዬው ደረቱ ላይ ወጣሁና አንገቱን ያዝኩ። ዓይኑ ሲፈጥ እያየሁ ጨመቅኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩበትን እፍረት በእሱ ጉሮሮ ልከፍል ፈልጌ ነበር።

ከኋላ ጎትታ ያስለቀቀችኝ ሚስቱ ናት። «ተው! አንተም እንደሱ ልትሆን ነው?» እያለች ጀርባዬን በቡጢ ትደበድበኝ ነበር። ሸሚዜ በደሟ ራሰ።

ፖሊስ ወሰደው። እኔም ያየሁትንም ያደረግኩትንም ሳልደብቅ ቃሌን ሰጠሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ «የእናትህን ልጅ ለባዳ ሸጥከው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታነጋግረኝም።

በሳምንቱ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እትዬ ዘንድ መጡ። «ወንድማችን ነው፤ ክሱን ይተዉለት» አሏቸው። እትዬ ጀሶ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው ሰሟቸው።

«ወንድሜ ስለሆነ እኮ ነው የከሰስኩት» አሉ። «ባዳ ቢሆን በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። እሷን ሲሰብራት ግን ማናችሁም አልመጣችሁም።»

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ወጡ።

ወንድሜ እስራት ተፈረደበት። ሚስቱ እትዬ ጓሮ ያለችው ክፍል ገብታ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ጀመረች። ይቅርታ ስጠይቃት «አንተን ይቅር ማለት ገና አልቻልኩም» አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

እትዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማረሚያ ቤት ምግብ ይወስዱለታል፤ ቀኝ እጃቸው ስለማይዘረጋ ሰሃኑን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። እሳቸው ግን በግራ እጃቸው እንጀራውን ጠቅልለው «ብላ፣ ልጄ» ሲሉት አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጥርሶቹ የሉም። እያላመጠ አለቀሰ።

«አልቅስ» አሉት። «ግን ፍርድህን ጨርሰህ ነው የምትወጣው።»