የወገብ መደገፊያ ለማዕረግዎ አልተፈቀደም

የመሥሪያ ቤቴን ስም ብጠራ ነገ ጠረጴዛዬን ከሽንት ቤቱ በር ላይ ያደርጉብኛልና ዝም ልበል፤ ብቻ በሕንድ አገር በፓትና ከተማ አንድ የመሬት ውል መዝገብ ቤት አለ። እዚያ ኩሱምላታ የምትባል ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ሃያ ስምንት ዓመት ውል ገልብጣለች። ወንድም ከወንድሙ የቀማው፣ አማት ለምራቷ የነፈገችው፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ «ሸጠልኝ» የተባለው መሬት ሁሉ በእጇ አልፏል። ከዚያ ሁሉ መሬት ለእሷ የደረሳት አንድ የእንጨት ወንበር ነው፤ እሱም አንድ እግሩ አጥሮ በአሮጌ ፋይል የተደገፈ።

ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት ወገቧ አመፀ። ማታ ከወንበሩ ስትነሳ ማጭድ መስላ ነው የምትወጣው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና ወገብ የሚይዝ ወንበር ካላገኘች በዓመቱ መቀመጥ የሚባለውን ነገር እንደምትረሳው ነገራት። ለጡረታ ስድስት ዓመት ይቀራታል። መቀመጥ ያቃተው ውል ገልባጭ በሕመም ይሰናበታል፤ የሚቆርጡለት ገንዘብም ለመድኃኒቱ አይበቃም። ስለዚህ ነገሩ የምቾት አልነበረም፣ የጉሮሮ ነበር።

ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተች። እኛ ዘንድ ወንበር በማዕረግ ነው። ውል ገልባጭ ጀርባው አጭር፣ ክንድ የሌለው ወንበር ይሰጠዋል። ዋና ጸሐፊ ሲሆን ክንድ ይበቅልለታል። ሹም ሲሆን ጀርባው ከራሱ በላይ ይረዝምና ነጭ ፎጣ ይደረብበታል። ፎጣው ላብ ሊጠርግ አይደለም፣ ዘውድ ነው። ባለጉዳይ ሹም ሲፈልግ ፊት አያይም፣ ፎጣ ያያል። የኩሱምላታ መልስ በአሥራ አንደኛው ወር መጣ፤ አንድ መስመር ነበር። «የወገብ መደገፊያ ለማዕረግዎ አልተፈቀደም።» እኛ አንብበን ሳቅን። እሷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ከአጭሩ እግር ሥር ከተተችው። ለአንድ ነገር እንኳ ይደግፈኝ አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ተከታትላ አንድ የቢሮ ዕቃ ሱቅ ተመላለሰች። ልቧን የወሰደው ጥቁር ወንበር ነው፤ ክንዱ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ራስ ማሳረፊያ ያለው፣ ወገብ ላይ ደግሞ እንደ ሰው መዳፍ ደገፍ የሚያደርግ ነገር የተሠራለት። ዋጋው አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ሩፒ፣ የወር ደመወዟ ግማሽ። በመጀመሪያው እሑድ ሩብ ሰዓት ተቀመጠችበት፣ በሁለተኛው ግማሽ ሰዓት፣ በሦስተኛው ባለሱቁ ኪራይ ሊጠይቃት ቃጣው። ሕመሙ ዝም ሲል ጆሮዬን ጭው አለኝ ብላ ነግራኛለች፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር።

ችግሩ ያ ገንዘብ ዝናቡ ሳይገባ ጣራ ለማስደፈን የተቀመጠ መሆኑ ነው። ባሏ ዲናናት ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ጠመኔ የያዘ ይመስላል። ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ጭቅጭቁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«በዚህ ዋጋ ማቀዝቀዣ ይገዛል። ማቀዝቀዣ ቤተሰቡን ያገለግላል፤ ያንቺ መቀመጫ ማንን ያገለግላል?»

«ያንተ ደመወዝ በስምንተኛው ቀን ሲያልቅ ልጆችህን ማን ያበላቸው ይመስልሃል? ይሄው መቀመጫ ነው።»

ጣራውስ አላት። «ጣራ ሲያፈስ ባልዲ ይቀመጥለታል» አለችው፤ «ለወገብ ምን ይቀመጥለታል?» ቀጥሎ ሰፈሩ የሰማው ዲናናት ባልዲዎቹን ሲያወጣ ነው።

ወንበሩን በሪክሾ ጭና መሥሪያ ቤት አመጣችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች፤ በቀን ስድስት ውል ትገለብጥ የነበረችው ዘጠኝ አደረሰች። ከዚያ ተሳሳተች። እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ፀጉሯን ዘይት ትቀባለች፤ ያን ያህል የተከፈለበት ጨርቅ በዘይት እንዳይበላሽ ብላ አንድ ሰኞ ጠዋት ከቤቷ ፎጣ አመጣችና ራስ ማሳረፊያው ላይ ጣል አደረገች። ነጭ ፎጣ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የፎጣን ነገር ስታይ የኖረች ሴት አላሰበችውም። ወገቧ ሲሻላት ጭንቅላቷም አብሮ አረፈ መሰለኝ።

ከረፋዱ ላይ አንድ የገጠር ሽማግሌ ገቡ። ፎጣውን አዩ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉና ማመልከቻቸውን ዘረጉላት። እሷም ቀና ሳትል አንብባ የቱ ገጽ እንደጎደለ፣ ከየትኛው መስኮት እንደሚገኝ ነገረቻቸው። ሰውዬው ለዚህች አራት ወር ተመላልሰዋል። እየመረቁ ወጡ፤ ወሬውም አብሯቸው ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ከእሷ ጠረጴዛ እስከ ግቢው በር ደረሰ፤ በሹሙ ደጅ የቀረው የሚያንቀላፋው ተላላኪ ማንጋል ብቻ ነበር።

ሹማችን ትሪፑራሪ ገና በሠላሳዎቹ ያለ ሰው ነው። በሩ ባዶ እጅ አይወድም፤ ከዚህ በላይ አልልም። ወጥቶ ሰልፉን አየ፣ ፎጣውን አየ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ሳይመዘገብ ወደ ግቢው የገባ ዕቃ የመንግሥት ንብረት ነው አለና ማንጋልን በወንበሩ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር አስጻፈው። የመንግሥት ከሆነ ደግሞ በማዕረግ ይታደላል፤ ረጅም ጀርባ ለሹም ነው። ኩሱምላታ ቆማ እያየች፣ ወንበሩን ከነፎጣው እየገፋ ቢሮው አስገባው። እኛ ሠላሳ ሁለት ሰዎች እስክሪብቶአችንን ስንመረምር ነበር። እኔም አንዱ ነኝ።

አራት ቀን እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ማታ ስትነሳ ጠረጴዛውን ይዛ ቆየች። ዓርብ ሹሙ ለምሳ ሲወጣ (ምሳው ሁለት ሰዓት ይፈጃል) መዝገቧንና የወንበሩን ደረሰኝ ይዛ ቢሮው ገባች፣ ተቀመጠች፣ መገልበጥ ጀመረች። እሱ ሁለት ጠበቃ እንግዶች አስከትሎ ሲመለስ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

«ተነሺ» አላት።

«መነሳት አልችልም ጌታዬ፣ ወገቤ ይዞኛል። ከፈለጉ ያንሱኝ።»

በዚህ አገር የሰው ሚስት፣ ያውም እናቱን የምታህል፣ በሰው ፊት ብብቷን ይዞ የሚያነሳ ሹም ገና አልተወለደም። ማንጋልን አየው፤ ማንጋል የጣሪያውን ማራገቢያ አየ። የመንግሥት ወንበር ላይ ነው የተቀመጥሽው አላት። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ይክፈለኝ። ማዕረጉ የእርስዎ ከሆነ ማዕረጉን ይውሰዱት፣ ፎጣውንም ይያዙት። እኔ የምፈልገው እዚህ ጋ ያለችውን መዳፍ የምታህል ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ የጻፈልኝ ለወገቤ ነው እንጂ ለእርስዎ ክብር አይደለም።»

ከጠበቆቹ አንዱ ሳቀ። ሹሙን የገደለው እሱ ነው፤ ያ ሳቅ ማታውኑ በከተማው የሻይ ቤት ደጃፍ ሁሉ እንደሚዞር ያውቃል። እሷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራች። እሱ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ፈረመ፤ ቆሞ ማጓተት ስለማይመች በዓመቱ ውስጥ ብዙ ወረቀት የፈረመበት ቀን ሆነ።

ሰኞ ትእዛዝ ወጣ። ወንበሩ ለውል ገልባጯ ይመለስ፤ ነገር ግን ከማዕረጓ ጋር እንዲስማማ ራስ ማሳረፊያው፣ ሁለቱ ክንዶቹና ከማዕረግ በላይ የሆነ ሁሉ ተፈቶ ግምጃ ቤት ይግባ። ካቻቪቴ የያዘ ሠራተኛ መጣና ራስ ማሳረፊያውን ፈታው፣ ክንዶቹን ፈታቸው። አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ሩፒ የወጣበት ዕቃ የተላጨ በግ መሰለ። ኩሱምላታ እጇን አጣምራ ስትመለከት ቆየች። ሰውዬው ወረቀቱን ደግሞ አነበበና ወገቡ ጋ ያለውን በካቻቪቴው ነካ አደረገው።

«እትዬ፣ ይሄስ? ከማዕረግ በላይ የሆነ ሁሉ ይላል።»

መጣችና ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለች።

«እሱን ለመፍታት መጀመሪያ እኔን መፍታት አለብህ።»

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። እንደዚያኛው ቀን እስክሪብቶአችንን አላየንም፤ እሱን አየነው። ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና ለአለቆቹ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቃት።

«ተቀምጣለች ብለህ ጻፍ» አለችና መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።