ኦላና የሚባል አየርላንዳዊ

ከጊንጪ የወጣን ምሽት ሚስቴ ሰናይት ለሽሮና ለበርበሬ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አግኝታ ለጫማዬ አጣች። ስንነታረክ አባቴ አቶ ኦላና ገቡና ሻንጣው ላይ ቁጭ ሲሉበት ዚፑ ተዘጋ። ዲቪ የደረሰን እኔና ሰናይት ብንሆንም፣ አሜሪካ የገባው ግን የእሳቸው ስም ነው። ኤርፖርት ያለው የኢሚግሬሽን ሰውዬ ፓስፖርቴን አይቶ «ሚስተር ኦላና» ሲለኝ፣ እመኑኝ፣ አባቴ ተከትለውን መጥተው እንደሆነ ብዬ ዞር አልኩ።

«ሚስትህ ለምን ሚስስ ኦላና አልሆነችም?» አለኝ።

«እሷ የአባቷ ልጅ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔም የአባቴ።»

አሰበ፣ አሰበና ማህተሙን መታልን።

ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ጀመርኩ። ሺፍቱን ሳልለምደው ኮሮና መጣና ካዚኖው ሁሉ ተዘጋ። መብራቱ ይበራል፣ ሰው የለም፤ ጊንጪ መብራት ሲጠፋ እንኳ ይሄን ያህል አያስፈራም። ረከስ ያለ ቤት ፍለጋ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው የከተማው ጎዳና አካባቢ ቤት ለሚያከራዩ፣ ሚስተር ኦማሊ ለሚባሉ ሽማግሌ ደወልኩ።

«ስም?»

«ኦላና።»

ድምፃቸው ለሰለሰ። «ኦ... ላና። አገራችሁ በየት በኩል ነው?»

«በምዕራብ» አልኩ፤ ምዕራብ ሸዋ ማለቴ ነው።

«የእኛም በምዕራብ ነው። ዝናብ አለ?»

«ክረምት ከገባማ ፀሐይ አይታይም።»

«ድንችስ?»

«ሞልቷል። የታወቅነው በድንች ነው።»

«ነገ ና፣ ቁልፉን ውሰድ» አሉኝ።

በማግስቱ በሩን ከፍተው፣ ማስክ ካደረግነው ከእኔና ከሰናይት ኋላ ሌላ ሰው ፈለጉ።

«ሚስተር ኦላና የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ለካ በስልክ ስሜን እንደ ራሳቸው የአየርላንድ ስም አድርገው ሰምተውታል። «የላስ ቬጋስ ፀሐይ ለአየርላንድ ሰው አይሆንም» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያኔ ሳል ያስፈራ ስለነበር እኔና ሰናይት ወደ ኋላ ሸሸን። ቁልፉን ግን ሰጡን።

ሥራ ስለሌለኝ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀምጠን እንጫወት ነበር። በእነሱ አገር፣ በአየርላንድ፣ ከስም ፊት የሚገባው «ኦ» የልጅ ልጅ ማለት ነው አሉኝ፤ ኦማሊ ማለት የማሊ የልጅ ልጅ። «ማሊ ማን ነበር?» ብላቸው አያውቁም። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ቅድመ አያታቸው እንኳ የራሱ ስም ጠፍቶ የቀረው የቤተሰቡ ስም ብቻ ነው። እኔ ታዲያ ልታይ ልታይ ብዬ፣ ከራሴ ስም ጀምሬ «ደረጀ፣ ኦላና፣ ቱፋ፣ ጉደታ፣ ዋቅጅራ» እያልኩ ቆጠርኩላቸው።

«ቀስ በል፣ ቅናት ይገለኛል» አሉ።

በዓመቱ መንገድ ሲከፈት አየርላንድ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሊፈልጉ ተነሱ። «የአጎቴ ልጅ፣ አብረን እንሂድ» ቢሉኝም ለእኔ ቪዛ ያስፈልጋል። «ኦላናን ቪዛ የሚጠይቅ አየርላንድ» ብለው ተማረሩና ብቻቸውን ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉልኝ።

«ደረጀ፣ ተዋረድኩ። መንደሩ ሁሉ ኦማሊ ነው። ፖስተኛው ኦማሊ፣ ቄሱ ኦማሊ። ስሜን ስነግራቸው ‹የማን ልጅ?› ይሉኛል። እነሱም እንደናንተ በአባትና በአያት ነው የሚጠራሩት።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?»

«የቅድመ አያቴን ስም እንኳ አላውቅ፣ ምን እላለሁ? አንዲት አሮጊት ግን ‹አሜሪካ ሄደው የጠፉብን ብዙ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ትሆናለህ፣ ግባ› አለችኝ። ድንችም ሰጠችኝ።»

እሳቸው በተመለሱ ሰሞን ወንድ ልጅ ወለድን። ሆስፒታል የቤተሰብ ስሙን ሲጠይቁን፣ በእኛ ደንብ «ደረጀ» መባል ነበረበት። ሰናይት ግን፣ «እኔ በአባቴ፣ አንተ በአባትህ፣ እሱ ደግሞ ባንተ፤ ትምህርት ቤት ስንወስደው የሰረቅነው ልጅ ይመስላቸዋል» አለች። እውነቷን ነው። ናኦል ኦላና አልነው። ሚስተር ኦማሊም «አንድ አየርላንዳዊ ጨመርን» ብለው ኮራ አሉ።

በስማቸው ስለተጠራ ደስ ይላቸዋል ብዬ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ናኦል ማን?» አሉኝ።

«ናኦል ኦላና።»

«ኦላና እኔ ነኝ። እኔ የወለድኩት አንተን ነው።» ከኋላቸው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። «አንተስ የት ገባህ?»

«እዚሁ አለሁ፣ አባዬ።»

«በልጁ ስም ውስጥ ነው የምልህ።»

ናኦል አለቀሰ፤ እሱን ማባበል ጀመርኩ። አባቴ ስልኩን አልዘጉም፤ መልሴን እየጠበቁ ነበር።