ጋሽ ተካ የለበሱት ካፖርት

አሳምነው ውሸታም ሰው አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። የት ትሠራለህ ሲሉት «መድኃኒት ፋብሪካ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ፋብሪካው የስቴቱ ፈቃድ አለው፤ የሚያመርተውንም ዘይትና እንክብል ሐኪም የፈረመላቸው በሽተኞች ይወስዱታል። መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ግን አሳምነው ተናግሮ አያውቅም፤ ደግነቱ የጠየቀው የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «መድኃኒት ፋብሪካ» ሲል የሰማው ሁሉ ስለ ደም ግፊቱ ማውራት ይጀምራል። አንዳንድ እናቶች ጭራሽ «ዶክተር» ይሉታል፤ እሱም አላረማቸውም።

መድኃኒቱ የሚሠራው ከካናቢስ ነው፤ እኛ ሀሺሽ ከምንለው።

አገር ቤት ሳለ ዝዋይ የጽጌረዳ እርሻ ላይ ሱፐርቫይዘር ነበር። ሚኔሶታ መጥቶ ብሩክሊን ሴንተር አጠገብ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ከረመ። በኋላ ይህን ሥራ አግኝቶ ቅጠል እንደገና በእጁ ሲነካ ልቡ ሞቀ። ተክል የሚወድ ሰው ነው፤ ተክሉ ምንም ይሁን ምን። አለቃው ይህን አይታለት በዚያ ክረምት አንዲት ትንሽ ክፍል ሰጠችው። መስኮት የላትም፤ ፀሐይዋ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው መብራት ነው። መብራቱ የት የት እንደሚሰቀል፣ ተክሉም በምን ያህል ርቀት እንደሚደረደር ራሱ ያቅድ፤ ካማረለት ትልልቆቹ ክፍሎችም በእሱ ዕቅድ ይሠራሉ ተባለ።

አሳምነው የዝዋይ እጁን ይዞ ገባ። ጽጌረዳ ተጠጋግቶ ነው የሚተከለው፤ እየተሽቀዳደመ ዘንጉን ያስረዝማል፤ የሚሸጠውም ዘንጉ ነው። ይህኛው ተክል ግን የሚፈለገው አናቱ ላይ ለሚያወጣው አበባ ነው፤ ሰፋ ብሎ መቆም ይፈልጋል። ይህን ነግረውታል፤ እሱም እሺ ብሏል። እጁ ግን የለመደውን ሠራ። ተክሉን ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቶ፣ መብራቱንም ዝቅ አድርጎ መሃል ላይ ሰቀለው። ዝዋይ ፀሐይ ላይ የኖረ ሰው ብርሃን ይበዛል ብሎ አያስብም።

ሳምንታት አለፉ። መሃል የነበሩት ተክሎች አናታቸው ነጥቶ ተቃጠለ፤ ጥግ የነበሩት ብርሃን አጥተው ቀጨጩ። ቅጠል ከቅጠል ተደራርቦ አየር ስላጣ እርጥበቱ እዚያው ተኛ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርግ ግራጫ ሻጋታ አየና ክው አለ። ሻጋታ የነካው መድኃኒት አይሆንም፤ ይጣላል።

ጉዱ ምንድን ነው፣ ያ ቅዳሜ አሳምነው ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ነበር።

የምትጠየቀው ኢብሲቱ ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ስትስቅ እንደ ሌላው ሴት አፏን በእጇ አትሸፍንም። አሳምነው ከዚህ በፊት እንዲህ የሚስቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ስለማያውቅ፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ እንደ ጎረምሳ ሆኗል። የምትኖረው ከእናቷ ከእማማ እታፈራሁና ከታናሽ ወንድሟ ከቃልቤሳ ጋር ብሩክሊን ፓርክ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሙሊሳ እስር ቤት ነው። ከኮሎራዶ መኪና ሙሉ ሀሺሽ ጭኖ ሲመጣ መንገድ ላይ ያዙት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ያ ቃል አይነሳም። ሙሊሳ ገና ሲያጨስ በነበረ ጊዜ ልብሱን የሚያጥቡት እማማ እታፈራሁ ነበሩ፤ ሽታው ምን እንደሆነ ሰው ሳይነግራቸው ያወቁትም ያኔ ነው።

እንግዲህ አሳምነው ለኢብሲቱ ምን ብሎ ይንገራት? ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ይመጣል፤ ኢብሲቱ ትስቃለች፤ ነገ ይላል። እንዲህ እያለ ሽማግሌ እስከ መላክ ደረሰ። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ያን ቅዳሜ የታመሙትን ተክሎች እየነቀለ በከረጢት አሰረ። የቀሩትን አራርቆ፣ በሁለት ተክል መሃል እጁን ሲያሳልፍ ቅጠል እስከማይነካ ድረስ እንደገና ደረደራቸው። መብራቶቹን ከፍ አድርጎ ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ አደረጋቸውና መለኪያውን ይዞ ከጥግ ጥግ እየዞረ ብርሃኑ ተስተካክሎ መድረሱን አየ። በደንቡ መሠረት የቤት ልብስ ውጭ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ ተካ ግን ከሽማግሌዎቹ ዋነኛው ናቸውና «ተነሳህ? መጣህ?» እያሉ እየደወሉ አላሳርፍ አሉት። ስልኩ ያለው ደግሞ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። አሳምነው በጥድፊያው ስልኩን ብቻ እንደማውጣት ለዚሁ ቀን የገዛውን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ይዞ ገባና ቬንትሌተሩ ማቆሚያ ላይ ሰቀለው። ካፖርቱ ሥራው እስኪያልቅ በቬንትሌተሩ ነፋስ ሲታጠን ዋለ።

ሲጨርስ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ካፖርቱን ደርቦ ጋሽ ተካ ወደሚኖሩበት ወደ ፍሮግታውን ከነፈ። እሱ ምንም አልሸተተውም፤ አፍንጫው ከለመደ ቆይቷል።

ሽማግሌ የላከ ወንድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ጋሽ ተካ ግን በረዶ ላይ ድራይቭ አያደርጉም፤ ስለዚህ ሙሽራው ራሱ ሾፌር ሆነ። ሽማግሌው ከቤታቸው ሲወጡ የለበሱት ስስ ግራጫ ሱፍ ነው። ውጭው ትንፋሽ የሚያደርቅ ብርድ ነው።

«ጋሽ ተካ፣ ጃኬትስ?»

«ጃኬቱ የሥራ ነው። የሰው ልጅ ልጠይቅ በሥራ ልብስ ልሂድ?»

አሳምነው ካፖርቱን አውልቆ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። «አንተስ?» አሉት። «እኔ መኪና ውስጥ ነኝ» አለ። ጋሽ ተካን ሳይነስ ማሠቃየት ከጀመረ ዘመናት ሆኖታል፤ ሽታ የሚባል አይሰማቸውም። ኮሌታውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «እንዴት ያለ ልብስ ነው!» ብለው አመሰገኑ።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ መርጋና ጋሽ ፍቅሬ፣ በጋሽ መርጋ መኪና መጥተው እነኢብሲቱ በር ላይ ጠበቋቸው። አሳምነው ራቅ ብሎ መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ሦስቱ ሲገቡ አየ። በሩ ተዘጋ። አሁን ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ጋሽ መርጋ በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ጋሽ ተካ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ጥያቄው ይነሳል። አሳምነው በሐሳቡ እያንዳንዷን ተከተላት።

ስልኩ ጮኸ። ኢብሲቱ ናት፤ ከኩሽና በኦሮምኛም በአማርኛም ሳይሆን በጥድፊያ የጻፈችው።

«ጋሽ ተካ ምንድን ነው ያጨሱት?? ቤቱ ሙሉ ዊድ ዊድ ይሸታል። ቃልቤሳ ሊያስወጣቸው ነው። አዮ ፊቷ ጠቁሯል።»

ዊድ ያለችው ያንኑ ሀሺሽ ነው፤ አዮ የምትለው እናቷን ነው። አሳምነው መልእክቱን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ባዶ ትከሻውን አየ፤ ገባው። ውጭ ብርዱ ሽታውን ቆልፎ ይዞት ነበር፤ የሞቀ ቤት ውስጥ ሲገባ ተፈታ።

ዝም ቢል ምን ይሆናል? ጋሽ ተካ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ከወጣቶች ጋር ስለ ሱስ ሲመክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገ እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚኔሶታ አበሻ በሙሉ «ተካ ሀሺሽ አጭሶ ሽምግልና ሄደ» ይላል። ገብቶ ቢናገር ደግሞ ኢብሲቱን ያጣል። ሙሊሳን የበላው ቅጠል ሌላ ስም ለብሶ በራቸው ገባ ማለት ነው። እጁ ወደ ማርሹ ሄደ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው። ትንሽ ጊዜ፣ ራሱን የሚያሳፍረውን ያህል ጊዜ፣ እጁ እዚያው ቆየ።

ሞተሩን አጠፋና በሸሚዙ ወጣ።

በሩን የከፈተው ቃልቤሳ ነው። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ነውር አይደለም እንዴ? እኚህን ሰውዬ ይዘህ ውጣልኝ።»

«ልናገርና እወጣለሁ» አለ አሳምነው።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። ጋሽ ተካ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ «ኧረ በስመ አብ፣ ምን አደረግሁ?» ይላሉ። ጋሽ መርጋና ጋሽ ፍቅሬ ከእሳቸው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለዋል። እማማ እታፈራሁ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ኢብሲቱ ኩሽናው በር ላይ ናት፤ አትስቅም።

«ሽታው የእኔ ነው» አለ አሳምነው። «ካፖርቱ የእኔ ነው። ጋሽ ተካ በርዷቸው አለበስኳቸው። እሳቸው ምንም አያውቁም።»

«ታጨሳለህ?» አለ ቃልቤሳ።

«አላጨስም። እዚያ እሠራለሁ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከዚህ ተክል ነው። ፈቃድ አለው፤ ሕጋዊ ነው። ግን ከዚህ ነው።»

ጋሽ ተካ ካፖርቱን እሳት እንደያዘ ነገር ትከሻቸው ላይ አዩት።

«መድኃኒት ፋብሪካ ነው ያልከኝ» አለች ኢብሲቱ።

«ነው።»

«ግማሹን ነዋ የነገርከኝ። ወንድሜ የት እንዳለ እያወቅህ።»

አሳምነው አንገቱን ደፋ። እማማ እታፈራሁ ነጠላውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«ምንድን ነው እዚያ የምትሠራው?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራው።

«ተክሉን እደረድራለሁ፣ እማማ። መብራት እሰቅልለታለሁ። ተጠጋግቶ እንዳይታመም ርቀቱን አያለሁ።»

«ደሞዝ ይከፍሉሃል?»

«አዎ።»

«ኢንሹራንስስ?»

«አለኝ።»

«ፖሊስ አይመጣባችሁም?»

«በሩ ላይ ጥበቃ አለ እማማ። የሚጠብቀው እኛን ነው።»

«ልጄ የጫነውም ያው ቅጠል ነው?»

«ያው ነው።»

«ለአንተ ዘበኛ አቆሙልህ። ለእሱ...» ቃሉን አልጨረሱትም። ቃልቤሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አሳምነው በኑሮው እንደዚያች ደቂቃ አፍሮ አያውቅም፤ ያጠፋው ነገር ግን ምን እንደሆነ እንኳ ለይቶ መናገር አይችልም ነበር።

«ሲፈታ እዚያ ያስገቡታል?» አሉ እማማ እታፈራሁ። «ተክሉን መቼም ያውቀዋል። አንተ ብትናገርለት ይቀጥሩታል?»

ዓይናቸው ልመና ነው። ሁሉም ወደ አሳምነው ዞረ። ጋሽ መርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ራሳቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ነቀነቁ፤ አዎ በል ማለታቸው ነው። እውነትም ከዚህ የቀለለ መልስ አልነበረም። እንሞክራለን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይጠፋም፤ ከእነዚህ አንዷን ቢላት ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ ነገሩም ያልቃል። ኢብሲቱ ከበሩ ላይ ታየዋለች።

«አይቀጥሩትም፣ እማማ» አለ አሳምነው። «ብናገርም አይሰሙኝም። በዚህ ተክል የታሰረ ሰው በዚያ በር አያልፍም፤ ሕጉ ነው።»

ጋሽ መርጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ እታፈራሁ እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሙሊሳ ሲፈታ ሥራ አያጣም ይለኛል» አሉ። «ፓስተሩም ጠበቃውም። እኔ እኮ አሮጊት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።»

ማሞቂያው ከግድግዳው ሥር ያጉረመርማል። አሳምነው የሚናገረውን ተናግሯል። ጋሽ ተካን ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ሊያወጣቸው ወደ በሩ ዞረ።

«ኢብሲቱ» አሉ እማማ እታፈራሁ፣ «ያን ካፖርት ከሰውዬው ላይ ተቀበዪና በረንዳው ላይ ስቀዪው። ሳሎኑ ለሽታው አይበቃም።» ከዚያ ሽማግሌዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ፤ አሳምነውንም ጨመሩ። «ወንበርም አምጪ፤ አራት ናቸው።»

ኢብሲቱ ካፖርቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወጣች፤ ብርዱ ገብቶ በሩ ተዘጋ። ከኩሽና አንድ ወንበር አመጣች። ራሷ ከምትቀመጥበት ራቅ አድርጋ፣ በመሃል ሰፊ ቦታ ትታ አስቀመጠችው። አሳምነውን አላየችውም፤ ወንበሩን ግን አልመለሰችውም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አሳምነውም ተቀመጠ።