ከእንስራው ስር የገባው ጉርጥ

ጉርጥና እንቁራሪት አንድ ናቸው የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እንቁራሪት ለስላሳና እርጥብ ናት፤ እግሯ ረጅም ስለሆነ ዘላ ታመልጣለች። ጉርጥ ግን ቆዳው ደረቅና ጉጥ የበዛበት፣ ሆዱ መሬት የሚነካ ዘገምተኛ ነው። ከዓይኑ ኋላ ግራና ቀኝ እብጠት አለው። ሲነከስ ከዚያ እንደ ወተት ያለ ነገር ያወጣል፤ መርዙ እሱ ነው። የልጅ ልጆቼ ቡችላቸውን ይዘው ሲመጡ አስቀድሜ የቧንቧውን ስርና የአበባውን መደብ የምፈትሸው ለዚህ ነው። «ደግሞ ጀመራት» ይባባላሉ። ይበሉ።

ቤታችን ከቆቦ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር። ዝናብ በከዳን ዓመት ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ከሰለ፤ በሬዎቹ አለቁ፤ አባቴም «ሁመራ ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣና በዚያው ቀረ። ቤት የቀረነው እናቴ፣ እኔ፣ ገና ጥርስ ያላበቀለ ወንድሜ፣ አንዲት ፍየልና ውሻችን ነበርን። የእናቴ ጡት ደርቋል። ለፍየሏ የቁልቋሉን እሾህ እያቃጠልን እናበላታለን፤ እሷም ሲኒ የማይሞላ ወተት ትሰጠናለች። ወንድሜ የሚኖረው በዚያች ወተት ነበር። ፍየሏ ደግሞ የምትኖረው በውሻው ነው። በዚያ ዓመት ጅብ ሰው መፍራት ትቷል፤ ምን በልቶ እንደደፈረ ሁላችንም እናውቃለን፣ አላወራውም።

ውሃ የምንቀዳው የደረቀውን የጎሊና ወንዝ አሸዋ እየቆፈርን ነው። እንስራችን ያዣል፤ ስሩ ያለችው አፈር ብቻ ነበረች በግቢያችን እርጥብ የነበረችው። እዚያ አንድ ጉርጥ ገባ። በመጥረጊያ ላስወጣው ስል እናቴ እጄን ቀጨም አደረገችው።

«ተይው! እሱን አባረን በማን በኩል ዝናብ እንለምን?»

ጉርጥ የዝናብ ዘመድ ነው የሚለውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። እሱን ከቤት ማስወጣት ለእሷ ዝናብን ፊት መንሳት ነበር። እንዲያውም ያንን ስንት ተለፍቶ የመጣ ውሃ በእፍኟ ጠብ ታደርግለት ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ጨንቋት ነው። እርጥበቷን ፍለጋ ውሻውም መጣ። ጠዋት ጠዋት አፈሩን ይልሳል፤ ጎድን አጥንቱ ይታያል፤ የምንሰጠው የለንም።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ፍየሏን አልባ ስትገባ ውሻው ከእንስራው አጠገብ አፉን በእግሩ ሲፍቅ አገኘነው። አረፋ ይደፍቃል። ድዱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ጉርጡ ግማሹ ታኝኮ ከፊቱ ወድቋል። ውሻው ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ፤ ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ውሻው ከሞተ ፍየሏን ጅብ ይወስዳታል» አለች እናቴ። «ፍየሏ ከሄደች ደግሞ ይሄ ልጅ…» አልጨረሰችውም።

ወንድሜ ጀርባዬ ላይ ወተቱ ሸትቶት ያለቅሳል። እናቴ ሲኒውን ይዛ አንዴ እሱን፣ አንዴ ውሻውን ታያለች። ለመርዝ መድኃኒቱ ወተት ነው፤ በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጩኸታችንን ሰምተው ጎረቤታችን ሽማግሌው መጡ። ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ልብሳቸውን ሰብስበው የሚያልፉ ሰው ነበሩ። ያን ቀን መሬት ተንበርክከው መንጋጋውን በሁለት እጃቸው ፈልቅቀው ያዙላት።

«አብሽሪ ልጄ፣ ቢስሚላህ ብለሽ አፍስሺው» አሏት።

አፈሰሰችው፤ እስከ ጠብታዋ። ከጉሮሮው ተንኮረኮረ፤ በአፍንጫውም ተመልሶ ወጣ። ውሻው ጀንበር ሳትገባ ሞተ። ሽማግሌው እጃቸውን በአፈር ደጋግመው አሹ፤ ለመታጠቢያ ውሃ ልስጥዎት ስላቸው «ለሕፃኑ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ ነበር። አፉን ወደ ታች ደፍቶ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው አለኝ። ለሚንቀጠቀጥ ውሻ ግን በጉሮሮው ምንም አይፈስበትም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ውሃው እኮ እዚያው ነበር፤ በእጃችን ርቀት፣ እንስራው ውስጥ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ይረባታል?

ፍየሏን ከዚያ ወዲያ ከእኛው ጋር ጎጆ ውስጥ አሳደርናት። ግድግዳችን የማሽላ አገዳ ነው፤ ጅብን አገዳ አያቆመውም። አንድ ማለዳ ስንነቃ ግድግዳው ተቦድሷል፣ ገመዷ ብቻ ቀርቷል። እናቴ አላለቀሰችም። ወንድሜን አዘለችውና ወደ መኪናው መንገድ ወጣን።

ቆቦ ስንደርስ መንገዱ ዳር ሰው እንደ ስጥ እህል ተሰጥቶ ነበር። ጥቂት የከተማ ሰዎች ንፍሮ በነፍስ ወከፍ ያድላሉ። ተሰልፈን ስንጠብቅ ወንድሜ ዝም አለ፤ ማልቀሱን ከመንገድ ጀምሮ ቀንሶ ነበር። የተንጠለጠለች እግሩን ያዝኳት። ቀዝቅዛለች። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት፤ አወቅኩ፣ እሷ ከእኔ ቀድማ አውቃ ነበር። አንቀልባውን ጠበቅ አደረገችና ወደፊት ተራመደች።

ንፍሮ አዳዩ «ስንት ናችሁ?» አላት።

«ሦስት» አለች።

የሦስት ሰው ሰፈረላት። ከሰው ራቅ ብለን ግራር ስር ተቀመጥን። አላወረደችውም። የራሷን ያዘች፣ የእኔን ሰጠችኝ፤ የእሱን ድርሻ ትንሽ አየችውና ወደ እኔ ገፋችው።

«ብዪ» አለችኝ።

በላሁ።